የባትሪ ድንጋይና የእጅ ስልክ፦ ጨዋታ ኃይልን እንዴት እንደሚበላ

ሰው ያለ ጨዋታ የኖረበት ዘመን የለም። በፎገራ ሜዳ ከብት የሚጠብቀው ልጅ መሬት ምሶ በጠጠር ገበጣ ሲጫወት፣ የገና ሰሞንም ዱላውን ይዞ ሩር ሲለጋ ኖሯል። እነዚህ ጨዋታዎች ከጉልበት በቀር ሌላ ወጪ አልነበረባቸውም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቆማሉ፣ ስትወጣ እንደ ገና ይጀመራሉ። ዛሬ በወረታ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች በወጣቱ እጅ የገባው ጨዋታ ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ይኸውም የሚያልቅ ነገር በውስጡ መያዙ ነው። የሚያልቀውም የባትሪው ኃይል ነው። ኃይሉ ሲያልቅ ደግሞ የሚቋረጠው ጨዋታው ብቻ አይደለም፤ ስልኩ፣ የእጅ መብራቱ፣ ራዲዮውና የትምህርት ማስታወሻው አብረው ይጠፋሉ።

ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ድርሻ ነው፣ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። በበኩሌ እንደዚያ አይመስለኝም። ነገሩን ለመረዳት የሚያስፈልገው ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፤ ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስም «እናንተ ተምራችኋልና፣ ይህ ስልክ ለምንድን ነው ቶሎ የሚሞተው?» ተብለን የምንጠየቀው የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ብቻ ሳንሆን ሁላችንም ነን። መልስ ይዞ መሄድ ደግሞ ከዝምታ ይሻላል።

መሣሪያው ምንድን ነው?

በውጭ አገር በእጅ የሚያዝ የጨዋታ ኮምፒዩተር የሚባል ዕቃ አለ። መጠኑ ከሁለት መዳፍ አይበልጥም፤ ግራና ቀኙ መቆጣጠሪያ ቁልፎች፣ መካከሉ መስተዋት ነው። ኔንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስዊች፣ ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስቲም ዴክ ከነዚህ ውስጥ በይበልጥ የታወቁት ናቸው። በወረታ ጎዳና እነዚህን ይዞ የሚሄድ ሰው መፈለግ ግን ድካም ነው። በከተማችን ጨዋታ የወደደ ልጅ ወይ ፕሌስቴሽን ቤት ገብቶ በጨዋታ እየከፈለ ከጓደኛው ጋር ኳስ ይገጥማል፣ ወይም በኪሱ ያለውን ስልክ ያወጣል። እንግዲህ የፎገራ ሰው በእጅ የሚይዘው የጨዋታ ኮምፒዩተር ስልኩ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሊቲየም ባትሪ፣ የሚያበራ መስተዋት፣ የሚያስብ ፕሮሰሰርና የሬዲዮ መቀበያ አለው። ልዩነቱ፣ የውጭው ልጅ የጨዋታ መሣሪያው ቢሞትበት ስልክ በሌላ ኪሱ አለው፤ የኛው ልጅ ግን ሁሉንም ነገር ባንድ ባትሪ ላይ ጭኗል።

ጀሪካንና ሞተር

ስለ ባትሪ የሚነገረው ቋንቋ ሰውን የሚያደናግረው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚያቀላቅል ነው። ከርብ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ሁለት ቁጥር ያውቃል። አንደኛ፣ በጀሪካኑ ውስጥ ስንት ሊትር ነዳጅ እንዳለ፤ ሁለተኛ፣ ሞተሩ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚጠጣ። 6 ሊትር ነዳጅ ቢኖረውና ሞተሩ በሰዓት 2 ሊትር ቢጠጣ፣ 3 ሰዓት ያጠጣል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ማንም ትምህርት ቤት አልላከውም።

የስልክም ነገር ከዚህ አይለይም። ጀሪካኑ ባትሪው ነው፤ የሚለካውም በዋት ሰዓት ነው። የሞተሩ አጠጣጥ ደግሞ በዋት ይለካል። ችግሩ በባትሪው ላይ የሚጻፈው ዋት ሰዓት ሳይሆን ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚባለው ሌላ መለኪያ መሆኑ ነው። ይህን ወደ ዋት ሰዓት ለመመለስ በቮልቱ ማባዛት ያስፈልጋል። ዛሬ በብዙ ስልኮች ላይ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ቁጥር እናነባለን። ይህ 5 አምፔር ሰዓት ነው፤ በ3.85 ቮልት ሲባዛ 19 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። የስልኩ ጀሪካን ይህን ያህል ይይዛል።

አሁን ሞተሩን እንመልከት። ስልኩ መስተዋቱ ጠፍቶ፣ ኢንተርኔቱም ተዘግቶ ጥሪ ሲጠብቅ የሚበላው 0.1 ዋት ያህል ነው። ጽሑፍ ሲነበብበት 1 ዋት አካባቢ ይሆናል። ከባድ ጨዋታ ሲጫወቱበት ከ3 እስከ 5 ዋት ይደርሳል። ስልክ እንደ ስልኩ ቢለያይም ስፋቱ ይህን ይመስላል። 19ን ለ4 ብናካፍል ጨዋታው 5 ሰዓት እንኳ አይሞላም። 19ን ለ0.1 ብናካፍል ግን 190 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ሳምንት ያህል ጥሪ መጠበቅ ይቻላል። ከዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ የሁለት ሰዓት ጨዋታ 8 ዋት ሰዓት ይበላል፣ ያም ከሦስት ቀን በላይ ጥሪ መጠበቂያ ይሆን ነበር።

ፓወር ባንክ የሚባለውን ስንገዛ የምንታለለውም በዚሁ የመለኪያ ልዩነት ነው። 20,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ 5,000 የሚይዘውን ስልክ 4 ጊዜ ይሞላል ብለን እናስባለን። ነገር ግን ቁጥሩ የተጻፈው በውስጡ ላለው 3.7 ቮልት ባትሪ ነው፤ ስለዚህ ጠቅላላው 74 ዋት ሰዓት ነው። ኃይሉ ወደ 5 ቮልት ከፍ ሲል፣ ስልኩም ሲቀበለው፣ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በመጨረሻ የሚገኘው 3 ጊዜ ያህል መሙላት ነው። ይህም ቁጥሩ በእውነት የተጻፈ እንደ ሆነ ነው፤ በገበያ ላይ የሚሸጠው ሁሉ የተጻፈበትን ያህል ይይዛል ማለት አይደለም።

ኃይሉ የት ይሄዳል?

በጨዋታ ጊዜ ኃይሉን የሚካፈሉት ሦስት በላተኞች ናቸው።

የመጀመሪያው መስተዋቱ ነው። በቀትር ፀሐይ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው መስተዋቱ አልታይ ሲለው ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጋል፣ ወይም ስልኩ ራሱ ከፍ ያደርግለታል። ወደ ዋርካ ጥላ መግባት ብቻውን ባትሪ ያተርፋል። ኦሌድ በሚባለው መስተዋት ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ራስዋ ስለምታበራ ጥቁር የሆነው ቦታ ምንም ያህል አይበላም፤ በተለመደው ኤል ሲ ዲ መስተዋት ግን ከኋላው ያለው መብራት ሁልጊዜ ስለሚበራ ሥዕሉ ቢጠቁርም ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ ነው። ይህ የስልኩ አንጎል በቢሊዮን የሚቆጠሩ እጅግ ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች የተሰበሰቡበት ነው። የሚበላው ኃይል የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በሴኮንድ ስንት ጊዜ በሚያበራና በሚያጠፋ፣ እንዲሁም በስንት ቮልት በሚሠራ። ፍጥነቱ እንዳለ ይቆጠራል፤ ቮልቱ ግን በራሱ ተባዝቶ ይቆጠራል። ፍጥነት ለመጨመር ደግሞ ቮልቱንም መጨመር ግድ ስለሚሆን፣ ትንሽ ለመፍጠን ብዙ ይከፈላል። ለምሳሌ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀነስና ቮልቱ ከ1 ወደ 0.8 ዝቅ ቢል፣ 0.8 በ0.8 ተባዝቶ 0.64፣ እርሱም በግማሽ ተባዝቶ 0.32 ይሆናል። ይህ ማለት ግማሹን ፍጥነት በሲሶው ኃይል ማግኘት ነው። የሚያርስ ሰው ይህን ያለ ስሌት ያውቀዋል፤ በሬውን እያጣደፈ ያስሮጠ ሰው ረፋድ ላይ ይቆማል፣ በልኩ የነዳው ግን ማሳውን ይጨርሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረትም ለፕሮሰሰር የተነገረ ይመስላል።

ጨዋታ ከንባብ ይልቅ ፕሮሰሰሩን የሚያደክመው፣ ሥዕሉን በየጊዜው አዲስ አድርጎ መሣል ስላለበት ነው። አንድ ገጽ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ተሥሎ ይቆያል። ጨዋታ ግን በሴኮንድ 30 ወይም 60 ጊዜ ይሣላል። ከ60 ወደ 30 ማውረድ የሣዩን ሥራ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ለብዙ ጨዋታ ዐይን ይህን ያህል አይከፋውም።

ሦስተኛው በላተኛ ሬዲዮው ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ስልክ ከአንቴናው ርቆ ሲሆን ድምፁን እንደሚያሰማ ሰው ጮኾ ይናገራል። በቀድሞው በሁለተኛው ትውልድ የስልክ መረብ አንድ ስልክ ሲጮኽ እስከ 2 ዋት ድረስ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ መረቡ በሳሳበት መንደር ስልኩ በኪስ ተቀምጦ እንኳ ይደክማል። በነፃ የሚገኙት ጨዋታዎች ደግሞ ማስታወቂያ ለማምጣት ኢንተርኔቱን በየጊዜው ይቀሰቅሱታል። ገንዘብ አልከፈልንም እንላለን እንጂ በካርድና በባትሪ እንከፍላለን።

ከታሪክ የተገኘ ትምህርት

ኃይል መቆጠብ የድኃ አገር ጉዳይ ብቻ ነው የሚመስለው ሰው ቢኖር የሚከተለውን ታሪክ ይመልከት።

በ1989 እ.ኤ.አ. ኔንቴንዶ ጌም ቦይ የተባለውን የእጅ ጨዋታ አወጣ። የሥራው መሪ ጉንፔ ዮኮይ የተባለ ሰው ነበር። የዚህ ሰው አሳብ፣ አዲስና ውድ የሆነውን ከመሯሯጥ ይልቅ የታወቀውንና የረከሰውን ዕቃ በአዲስ መንገድ መጠቀም ነበር። ስለዚህ የጌም ቦይ መስተዋት ቀለም የለውም፣ ከኋላውም መብራት የለውም። ሰው ቢስቅበትም በ4 ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። በዓመቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ሴጋ የተባለው ሌላ የጃፓን ኩባንያ ጌም ጊር የሚባል፣ ቀለም ያለውና ከኋላው የሚበራ መስተዋት የተገጠመለት መሣሪያ አመጣ። ዐይን ይማርካል፤ ነገር ግን 6 ድንጋይ በልቶ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ይቆይ ነበር። በመጨረሻ ያሸነፈው ያ ደብዛዛው ነው። ጌም ቦይ ከቀለም ተከታዩ ጋር በዓለም ላይ ከ118 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ ጌም ጊር የዚህን አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው የሸጠው። የጨዋታዎቹ መልካምነትና ዋጋውም ድርሻ ነበራቸው፤ ሆኖም ድንጋይ መግዛት የሰለቸው ወላጅ ፍርድም ቀላል አልነበረም።

ሁለተኛው ምሳሌ ስዊች ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በአንድ ሙሌት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይቆይ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የተሻሻለው ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ቆየ። የሚያስገርመው ባትሪው አለመለወጡ ነው፤ በሁለቱም 4,310 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። የተለወጠው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ አንሰው ስለተሠሩ ያንኑ ሥራ ባነሰ ኃይል ሠሩት። ጀሪካኑ ሳይተልቅ ሞተሩ ቆጣቢ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ስቲም ዴክ ነው። የመጀመሪያው 40 ዋት ሰዓት ባትሪ ነበረው፤ ኩባንያውም ከ2 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል ብሎ አስታወቀ። ይህ ሰፊ ልዩነት ከየት እንደ መጣ አንባቢ አሁን ራሱ ሊያሰላው ይችላል። 40ን ለ20 ዋት ስናካፍል 2 ሰዓት፣ ለ5 ዋት ስናካፍል 8 ሰዓት ነው። መሣሪያው አንድ ነው፤ የሚለያየው ተጫዋቹ የመረጠው ጨዋታና ያዘዘው ፍጥነት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው በኦሌድ መስተዋት ባትሪው ወደ 50 ዋት ሰዓት ከፍ ብሎ ከ3 እስከ 12 ሰዓት ደረሰ። መሣሪያው ከ30 ዓመት ወዲህ በሺህ እጥፍ ቢያድግም ዛሬም ጥያቄው ዮኮይ የጠየቀው ነው፤ ለዚህ ጨዋታ ስንት ኃይል ይገባዋል?

ድንጋይ ፀሐይ ይወዳል፣ ሊቲየም ግን አይወድም

አሁን ወደ አገራችን ልማድ ልመለስ። በገጠር ራዲዮና የእጅ ባትሪ የሚሠሩት በባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ሰው ወዲያው አይጥለውም። አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ በርበሬ እንደሚሰጣ። ሲሞቅ መልሶ ይከተዋል፣ ራዲዮውም ጥቂት ጊዜ ይናገራል። ይህ ከንቱ እምነት አይደለም። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ዚንክና ኬሚካል ሲሞቅ ፈጥኖ ስለሚዋሐድ፣ የኤሌክትሪኩም መንገድ ስለሚላላ፣ ተጣብቆ የቀረው ጥቂት ኃይል ይወጣል። አባቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ በልምድ ያገኙት እውነት ነው።

አደጋው የሚመጣው ይህን ልምድ ወደ ስልክ ባትሪ ሲያዛውሩት ነው። የስልክ ባትሪ ሊቲየም ነው። ለገበያ ያቀረበው ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በዚህ ባትሪ ውስጥ ሊቲየም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ወገን ይመላለሳል፤ ሲሞላ ወደ ግራፋይቱ ይሄዳል፣ ሲሠራ ይመለሳል። በተመላለሰ ቁጥር ከሊቲየሙ ጥቂቱ በመንገድ ቀርቶ በግራፋይቱ ላይ እንደ ዝገት ያለ ሽፋን ይሆናል። የቀረው ደግሞ አይመለስም። ባትሪ የሚያረጀው በዚህ ነው፤ ሙቀትም ይህን ማርጀት ያፋጥነዋል። ስለዚህ ፀሐይ የደከመውን ድንጋይ ለጊዜው ቢያነቃም፣ ሊቲየሙን ግን ዕድሜውን ታሳጥርበታለች።

በመንደር ያለው አያያዝ ይህን አይጠብቅም። ሶላሩ ቆርቆሮ ላይ ይሰጣል፣ ስልኩም ከጎኑ ይቀመጣል፤ ገመዱ አጭር ነውና። የቆርቆሮው ሙቀት፣ የፀሐዩ ሙቀትና የመሙላቱ ሙቀት ባንድ ላይ ይወርዱበታል። አንዳንዱም ስልኩ እየተሞላ ጨዋታ ይጫወትበታል፤ ይህም አራተኛ ሙቀት ነው። በዓመቱ ባትሪው ይነፋል፣ ሽፋኑን ገፍቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ዕቃው መጥፎ ነው ተብሎ ይረገማል። የተነፋ ባትሪ ደግሞ ሊቃጠል ስለሚችል መጫን ወይም መውጋት አይገባም፤ ከአገልግሎት ማውጣት ነው።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

አንድ ጊዜ ስልክ መሙላት ብዙ ኤሌክትሪክ አይፈጅም። የሚባክነውን ጨምረን 25 ዋት ሰዓት ብንለው፣ 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው 140 ስልክ ይሞላል። እንግዲህ የስልክ ኃይል ዋጋው ከብዛቱ አይደለም፤ ከቦታውና ከጊዜው ነው። መስመር ባልደረሰበት መንደር የሚኖር ሰው ስልኩን ለማስሞላት ወደ ወረታ ወይም ወደ ቅርብ ከተማ በገበያ ቀን ይልካል፣ ለሞላለትም ይከፍላል። መስመር በደረሰበትም መብራት ሲጠፋ ያው ነው። እስከሚቀጥለው ሙሌት ድረስ ያለው 19 ዋት ሰዓት የቤተሰቡ ጎተራ ነው።

ፎገራ ደግሞ ሜዳ ነው። ከምሥራቅ ርብና ጉማራ ይወርዱበታል፣ ከምዕራብ ጣና ይዋሰነዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የገባው ሩዝ በዚህ ሜዳ እንዲህ የተስማማው ውሃ ስለሚተኛበት ነው፤ ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። ያው ውሃ ግን በክረምት ማለቂያ ሲበዛ ቤት ይከባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በደንቢያ የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። እንደ ናበጋና ዋገጠራ ባሉት ወደ ሐይቁ የቀረቡ ቀበሌዎች ውሃ ሌሊት ሲመጣ ጀልባ የሚጠራው፣ ዘመድ የሚጠይቀው፣ በጨለማ መንገድ የሚያሳየው ስልክ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ አምቡላንስ የሚጠራውም እርሱ ነው። በክረምት ደግሞ ሰማዩ ስለሚደመን ሶላሩ የሚሰጠው ኃይል በጣም ይቀንሳል። ስልክ በጣም የሚያስፈልግበት ወራትና ስልክ መሙላት በጣም የሚያስቸግርበት ወራት አንድ ናቸው። ልጁ ማታ የተጫወተው የሁለት ሰዓት ጨዋታ ሦስት ቀን ጥሪ መጠበቂያ ነው ያልኩት ስለዚህ ነው።

ይህን ሰምተው «እንግዲያው ጨዋታ ይቅር» የሚሉ አባቶች ይኖራሉ። በበኩሌ ይህ መፍትሔ አይመስለኝም። ጨዋታ ወጣትን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያለማምድ የመጀመሪያ በር ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉን የመሰሉ አገርኛ የስልክ ጨዋታዎችን የሚሠራው በወጣቶች እውቀት ነው። እንዲያውም ለአገራችን ሰው ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች የዮኮይን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቢያስቡበት፣ ማለትም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በሴኮንድ 30 ሥዕል የሚበቃው፣ ባረጀ ስልክ ላይ የማይከብድ ጨዋታ ቢያወጡ፣ ከውጭ ከሚመጣው ይልቅ ገበያ ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ጨዋታን ማስተዳደር እንጂ መከልከል አያሻም።

ምን እናድርግ?

ለቤተሰቦቻችን ልንነግራቸው የምንችለው፣ ገንዘብም የማይጠይቀው ነገር የሚከተለው ነው።

1ኛ. ሲጫወቱ ኢንተርኔቱን መዝጋት፤ ጥሪ የማይጠበቅ ከሆነ ደግሞ የአውሮፕላን ሥዕል ያለባትን ምልክት ነክቶ ሬዲዮውን ሁሉ ማስተኛት።

2ኛ. የመስተዋቱን ብርሃን ዝቅ ማድረግ፣ ቀን ከሆነ ጥላ ውስጥ መጫወት፣ ጨዋታው የሚፈቅድ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 30 ማውረድ።

3ኛ. ለቤቱ ድንበር ማበጀት። ከ40 በመቶ በታች የቀረው የቤተሰቡ ነው፣ ጨዋታ አይገባበትም ማለት ይቻላል። በክረምት ድንበሩ ከፍ ይበል።

4ኛ. ሶላሩን ፀሐይ ላይ፣ ስልኩን ጥላ ውስጥ ማድረግ፤ ረዘም ያለ ገመድ አዲስ ባትሪ ከመግዛት ይረክሳል። እየተሞላ ያለ ስልክ ላይም አለመጫወት።

5ኛ. ባትሪው ፈጽሞ እስኪሞት አለመጠበቅ። የሊቲየም ባትሪ በመካከል ሲውል ዕድሜው ይረዝማል፤ ባዶ አድርጎ መሙላት ይበጃል የሚለው ለቀድሞው የኒኬል ባትሪ የተነገረ ነው።

6ኛ. በቤት ውስጥ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ካለ አለመናቅ። ኖኪያ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው 1100 የተባለው፣ አናቱ ላይ መብራት ያለው ስልክ በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቂት ይይዛል፣ ነገር ግን እጅግ ጥቂት ይበላል። ትልቁ ስልክ ለጨዋታና ለትምህርት፣ ትንሹ ለጥሪ ቢከፈሉ ልጅና አባት አይጣሉም።

ይህ ሁሉ ከቤት የሚጀመር ነው፤ በቤት ብቻ ግን አያልቅም። የዓባይ ውሃ በጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከጣና ውሃ እየተቀዳ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ነው። ርብና ጉማራ የሚገብሩት ለዚሁ ውሃ ነው። ሐይቁ ሙሉ ነው፤ የጎደለው እንስራው ነው። የጣና ዳር ልጅ 19 ዋት ሰዓት ለማግኘት ወደ ከተማ መላኩ እንዲቀር መስመሩና ትራንስፎርመሩ፣ መስመር በማይደርስበትም የመንደር ሶላር፣ ወደ ሐይቁ ዳር እንዲዘረጋ ከመጠየቅ ወደ ኋላ ማለት አይገባንም። የሚጠይቅ ሰው ግን የሚጠይቀውን ልክ ማወቅ አለበት። ለአንድ ቀበሌ ስልክ ሁሉ መሙያ ስንት ዋት ሰዓት እንደሚበቃ ማንኛችንም በአንድ ወረቀት ላይ ልናሰላው እንችላለን፤ የስልኩን ቁጥር በ25 ማባዛት ነው። 400 ስልክ በየቀኑ ቢሞላ 10,000 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም አንድ የእንጀራ ምጣድ በሦስት ሰዓት ያህል ከሚፈጀው አይበልጥም። ይህን ያህል ለመጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ይህን ያህል ለመከልከልም የሚበቃ ምክንያት ያለ አይመስለኝም።